የሃሚንግበርዱን ስኳር ንብ ሲወርረው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኤፕሪል ላይ ለልጄ ብዬ ጓሮ ውስጥ ሃሚንግበርድ ለሚባለው አበባ ቀሳሚ ትንሽ ወፍ የስኳር ውሃ ማጠጫ ሰቀልኩ። እስከ ጁን መጨረሻ ወፎቹን በደስታ ሲያይ ከረመ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ማጠጫው በንብ ተሸፍኗል። ወፎቹ ይመጡና አንዴ ዞረው ይሄዳሉ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። «ንብ የመጣበት ቤት ሲሳይ አለው፣ እንዳትነኪያቸው» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ የተርብ መርዝ ገዝቶ አስቀምጧል። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እንዳይነድፉት እፈራለሁ። ንቦቹንም መግደል አልፈልግም። ምን ቢደረግ ይሻላል? ለነገሩ እናቴ ስኳሩ ላይ ማር ጠብ ታደርግበት ነበር። እሱ ይሆን ያመጣብኝ? እንደው ቢመክሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። መርዙንም ደረሰኙን ካልጣለው ይመልሰው። አያስፈልጋችሁም።

እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ። ጓሮዬ ውስጥ አራት ቀፎ ንብ አለኝ። ከቀፎዎቹ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት የሃሚንግበርድ ማጠጫ ተሰቅሏል። በሰመር አንድ ጠንካራ ቀፎ ውስጥ ከ40 እስከ 60 ሺህ ንብ ይኖራል። አራቱን ደምሪው። እንዲያም ሆኖ ማጠጫዎቹ ላይ አምስት ንብ ካየሁ ብዙ ነው። ንቦቼ ጨዋ ሆነው እንዳይመስልሽ። ስኳሩ አይደርሳቸውማ! የአንቺም መፍትሔ እዚሁ ላይ ነው። ንቦቹን ከጓሮሽ ማባረር አይጠበቅብሽም፤ ስኳሩን ከምላሳቸው ማራቅ ይበቃሻል። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቀስ ብለሽ ጠጋ በይና እያቸው። ሰው «ንብ» ሲል ብዙ ጊዜ ተርቡንም ጨምሮ ነው። ንብ ጠጉራም ናት። ቀለሟ ወደ ማርና ወደ ቡና ያደላል። ተርብ ግን ልሙጥ ነው። ቢጫና ጥቁሩ ቀለም የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፣ ወገቡም ቅጥን ያለ ነው። እዚህ አገር የሎውጃኬት የሚሉት እሱን ነው። ጠባያቸውም ይለያያል። ንብ ስኳሩ ላይ ተደፍታ ትጠጣለች፣ ሆዷን ሞልታ ትሄዳለች። ተርብ ይጣላል፤ ንቡንም ወፉንም ያባርራል። ትልልቅና ጥቁር ሆነው ሆዳቸው እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ ካየሽ ደግሞ እንጨት የሚበሱት ንቦች ናቸው። እነሱ በመንጋ አይመጡም፣ ተያቸው።

ጁላይ ላይ ማጠጫ የሚሸፍን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የማር ንብ ነው። የተርብ ጊዜው ኦገስትና ሴፕቴምበር ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። ተርብ ሰመሩን ሙሉ ዝንብና አባጨጓሬ እያደነ እጮቹን ይመግባል። እጮቹም በምላሹ ጣፋጭ ፈሳሽ ይሰጡታል። ወደ ሰመሩ መጨረሻ እጮቹ እያነሱ ሲሄዱ ጣፋጩ ይቋረጥበታል። ያኔ ነው ኮካ ኮላሽ ላይ የሚያርፈው። እስከዚያ ግን ጓሮሽን ከአባጨጓሬ ሲያጸዳልሽ ነው የከረመው። ይሄን ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ተርብንም ቢሆን በጅምላ አይጥላው።

አሁን ወደ ንቦቹ። ለምን በኤፕሪልና በሜይ አልመጡም? አበባ ስለነበራቸው ነዋ። በእኛ አካባቢ የንብ ድግስ አጭር ነው። ሜይ ላይ ያ ነጭ ዘለላ የሚያወርደው ብላክ ሎከስት ያብባል። ቱሊፕ ፖፕላር የሚባለው ረጅሙ ዛፍም አብሮት ያብባል። ከዚያ ሣሩ መሃል የሚያብበው ክሎቨር ይከተላል። ጁን ሲያልቅ ሁሉም ያልቃል። ሣሩ አረንጓዴ፣ ዛፉ አረንጓዴ፤ ለእኛ ልምላሜ ይመስለናል። ለንብ ግን ረሃብ ነው። አገር ቤት አደይ አበባው ፈክቶ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ ላደገ ሰው ነገሩ ግር ይላል። እዚህ ዋናው ማር የሚገባው በሜይና በጁን ነው። ጁላይ ላይ ቀፎው በሠራተኛ ንብ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ሜዳው ላይ ግን የሚቀሰም የለም። አንዲት ንብ ምግብ ፍለጋ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትሄዳለች። ስለዚህ ንቦቹ የማን ናቸው ብለሽ ጎረቤት አትጠይቂ። ባለቤታቸው ጆርጂያ አቬኑ ማዶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ እናትሽ ይገባሉ። እማማ አይዘኑብኝ እንጂ አዎ፣ ማሩ ነገሩን አባብሶታል። ማር ለንብ እንደሚቆላ ቡና ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራታል። ሌላም ችግር አለው። ከማይታወቅ ቀፎ የወጣ ማር የንብ እጭ የሚገድል በሽታ ዘር ሊይዝ ይችላል። ሰውን ምንም አያደርግም። ያቺ ንብ ግን ይዛው ወደ ቤቷ ትገባለች። ለወፉም ቢሆን ማር አይሆንም። ለምን እንዳይሆን ለእናትሽ በአንድ ቃል ልታስረጂያቸው ትችያለሽ፦ ብርዝ። ማር በውሃ በጥብጠሽ ሙቀት ላይ ስትተዪው ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ይፈላል። ሻጋታና እርሾ ያበቅላል። ብርዙን ለእንግዳ ያቅርቡት፣ ለሃሚንግበርድ ነጭ ስኳርና ውሃ ብቻ።

ልኩ አንድ ብርጭቆ ነጭ ስኳር በአራት ብርጭቆ ውሃ ነው። ቡናማ ስኳር አይሆንም። ስኳር የሌለው ማጣፈጫ ጭራሽ እንዳታስቢው፣ ወፉ ጉልበት አያገኝበትም። ቀይ ቀለሙም አያስፈልግም፤ የማጠጫው ቅላት ይበቃል። ይሄ ወፍ ሦስት ግራም አካባቢ ነው የሚመዝነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበልጠዋል! እንዲህ ላለ ፍጡር ቀለም ማጠጣት ምን ይባላል?

የንብ ወረራ ሲበዛ ደግሞ አንዱን ለአምስት አድርጊው። ወፉ ይጠጣዋል፣ ቅር አይለውም። ንብ ግን ስሌት ታውቃለች። እሷ የምትወደው ወፈር ያለውን፣ ከሰላሳ በመቶ በላይ ስኳር ያለበትን ነው። ቀጭን ስኳር ተሸክሞ ሦስት ኪሎ ሜትር መመለስ ለቀፎው አያዋጣም። እዚህ ላይ የንቦቹን ጭፈራ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጥሩ ምግብ ያገኘች ንብ ቀፎ ተመልሳ ሰፈፉ ላይ ትጨፍራለች። እስክስታው በትከሻ ሳይሆን በጅራት በኩል ነው። የምትሄድበት መስመር አቅጣጫውን፣ ጅራቷን እያወዛወዘች የምትቆይበት ጊዜ ደግሞ ርቀቱን ይናገራል። ይህን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ኦስትሪያዊ ነው፤ በ1973 ኖቤል ተሸልሞበታል። አሁን የአንቺ ማጠጫ አድራሻ በእስክስታ እየተነገረ ነው ማለት ነው። ስኳሩ ሲቀጥን ጭፈራው ይቀዘቅዛል። ጭፈራው ሲቀዘቅዝ አዲስ ንብ አይላክም።

ግን ዋናው ማቅጠኑ አይደለም። ዋናው ዕቃው ነው። የሰቀልሽው ጠርሙስ የተደፋበት ዓይነት ነው አይደል? አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። በፎቶ ያምራል፣ በሥራ ግን አስቸጋሪ ነው። ፈሳሹን የሚይዘው ከላይ የታፈነው አየር ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት አየሩ ይለጠጣል፣ ስኳሩን ወደ ታች ይገፋዋል፣ በቀዳዳዎቹ ጠብ ጠብ ይላል። በተለይ ጠርሙሱ ሲጎድል፣ ማለትም አየሩ ሲበዛ፣ ይብስበታል። ያ ጠብታ ነው ንቡን የጠራው። ፍሳሹ ባይኖርም እንኳ ስኳሩ ቀዳዳው አፍ ድረስ ስለሚደርስ ንብ ተቀምጣ እንደልቧ ትልሳለች።

ሌላው ዓይነት ሳህን የሚመስለው ነው። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ክዳኑ ቀይ፣ ቀዳዳዎቹ ከላይ። ስኳሩ ከክዳኑ በታች ረግቶ ይቀመጣል። የሚገፋው አየር ስለሌለ አያንጠባጥብም። አሁን ምላስ እንለካ። የማር ንብ ምላስ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሃሚንግበርድ ግን ረጅም ምንቃር አለው፣ ምላሱ ደግሞ ምንቃሩን አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ስኳሩ ከቀዳዳው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ካለ ወፉ ይደርስበታል፣ ንቧ አትደርስበትም። በቃ። ንቧ ትመጣለች፣ ቀዳዳው ውስጥ ምላሷን ትሰዳለች፣ ባዶ ነው። ሁለት ሦስቴ ሞክራ ሥራዋን ትፈልጋለች። ማንም አልተነደፈ፣ ማንም አልሞተ።

ስለዚህ ሳህኑን እስከ አፉ አትሙዪው። ግማሹ ይበቃል። ሰው ይህን ስለማያውቅ ሳህን ገዝቶም ‘ንቡ አልተወኝም’ ይላል። ሄጄ ሳይለት ዕቃው እስከ ከንፈሩ ሞልቷል። ደግሞስ ለምን ይሞላል? በሙቀት ጊዜ በሁለት ቀን፣ ቢበዛ በሦስት ቀን መቀየር አለበት። ቢሞላ የሚደፋው ነው የሚበዛው።

ስትገዢ ቢጫ አበባ የሌለበትን ምረጪ። ንብ ቀይ አይታያትም። ለእሷ ቀይ ማለት ጨለማ ነው። ቢጫ ግን ታያለች፣ ትወደዋለችም። ፋብሪካዎቹ ቀዩን ዕቃ ሠርተው ቀዳዳው ዙሪያ ቢጫ የፕላስቲክ አበባ ለምን እንደሚለጥፉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያንን መለጠፍ ንብን ‘ቤት ለእንግዳ’ ብሎ እንደመጥራት ነው። «የንብ መከላከያ» እያሉ የሚሸጡት ትንንሽ ወንፊትም አለ። እሱም አንዳንዱ ቢጫ ነው! ጠርሙሱ ካንጠባጠበ ወንፊቱ ራሱ ስኳር ይለብስና ንቧ እሱን ትልሳለች። እኔ ብር አላወጣበትም።

አሁን የዛሬ ማታ ሥራሽን ልንገርሽ። ፀሐይ እስክትገባ ጠብቂ። ሲመሽ ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ይሄዳሉ። ያኔ ማጠጫውን አውርጂ። ውስጥ የሰመጡ ንቦች ካሉ ከስኳሩ አውጥተሽ በትንሽ ንጹሕ ውሃ አለቅልቂያቸውና ቅጠል ላይ አኑሪያቸው። የሞቱ የሚመስሉ ጠዋት ፀሐይ ሲነካቸው ተነስተው ይበራሉ፤ ልጅሽ ቢያየው ደስ ይለዋል። ዕቃውን በሙቅ ውሃና በትንሽ አቼቶ እጠቢው። ማንጠልጠያውን፣ ሽቦውን፣ የነካካውን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ምንም አትስቀዪ። ወፎቹ ይራባሉ ብለሽ አትጨነቂ። ጥቃቅን ነፍሳት እያደኑ ይበላሉ፣ የሰፈሩንም አበባ ሁሉ ያውቁታል። የአንቺ ስኳር ለእነሱ እንደ መክሰስ ነው።

በማግስቱ ማታ ሳህኑን ስቀዪ። ግን እዚያው ቦታ አይሁን። አራት አምስት ሜትር ራቅ አድርጊው፣ ከተቻለ የቤቱን ጥግ አዙሪው፣ ጥላ ውስጥም ይሁን። ንብ አድራሻ በልቧ ይዛ ነው የምትሄደው። ማጠጫው ከነበረበት ቦታ አየር ላይ ሄዳ ስትዞር ታያታለሽ፣ ትንሽ ታሳዝናለች። ወፉ ግን በዓይኑ ነው የሚፈልገው። ቀዩን ነገር ከሩቅ ያየዋል። እኔ ጋ አንዴ ቦታ ቀይሬ ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ መጥቷል። ደግሞ ሃሚንግበርድ ገና ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ያኔ አብዛኛው ንብ ከቀፎ አልወጣም። ማታም ንቡ ከገባ በኋላ የመጨረሻዋን ይጠጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንብ ቢያስቸግር እንኳ ወፎችሽ ጠዋትና ማታ ድርሻቸውን ያገኛሉ።

እንዳታደርጊ የምለምንሽም ነገር አለ። ሰው ማጠጫው ላይ ዘይት ወይም ቫዝሊን ይቀባል፣ ንቡ እንዲያዳልጠው። ዘይቱ የወፉ ላባ ላይ ከተለጠፈ ማን ያጥበዋል? በሰከንድ ከሃምሳ ጊዜ በላይ የሚመታ ክንፍ እኮ ነው። ለጉንዳን ከሆነ ከማጠጫው በላይ የምትንጠለጠል ውሃ የሚሞላባት ትንሽ ኩባያ አለች፤ ጉንዳኑ ውሃውን አይሻገርም። መርዙን ደግሞ ከላይ ብዬዋለሁ፤ ወፍ በሚጠጣበት ዕቃ አጠገብ መርዝ አይነፋም። በዚያ ላይ እዚህ አገር መርዝን ጣሳው ላይ ከተጻፈው ውጭ መጠቀም የፌዴራል ሕግ ይጥሳል። ጭስም ላጭስ እንዳትዪ። ጭስ የሚሠራው ቀፎ ላይ ነው። ቀፎውን ሲከፍቱባት የምታወጣውን የ‘ድረሱልኝ’ ሽታ ይሸፍናል፣ ማሯንም እንድትጎርስ ያደርጋል። ምግብ ፍለጋ የወጣችን ንብ ማጨስ ግን ጥቅም የለውም። ጎረቤት የእሳት አደጋ መኪና ይጠራብሻል እንጂ።

አንድ ምክር በየቦታው ትሰሚያለሽ። ‘ለንቦቹ ለብቻቸው ወፈር ያለ ስኳር በሳህን አቅርቢላቸው፣ ማጠጫውን ይተዉታል’ ይባላል። ደግነት ይመስላል። እኔም ንብ ማነብ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አድርጌዋለሁ። ሳህን ላይ ጠጠር ደርድሬ፣ ስኳሩን አወፍሬ፣ ከማጠጫው ጎን አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቀን ተሳካ። ማጠጫው ነጻ ወጣ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። በሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ንብ ሁሉ መጣ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑ ሲያልቅባቸው ሌላ የሚበላ ፍለጋ ደካማዋን ቀፎዬን አገኙ። ዘረፋ ያየ አናቢ አይረሳውም። በር ላይ ተናንቀው ይወድቃሉ፣ ሰፈፉ ተቦጫጭቆ ሰሙ እንደ ዱቄት ይረግፋል። በአራት ቀን ውስጥ ያቺ ቀፎ ባዶዋን ቀረች። ንግሥቷም ሞተች። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፣ የእኔ ነው። ደግሞ ሁሉም ከአንድ ሳህን ሲልሱ በሽታ ይለዋወጣሉ። አንቺ ቀፎ የለሽም፣ ግን ሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው አለ። ስለዚህ ስኳር በሳህን አትስጫቸው።

መስጠት ከፈለግሽ ውሃ ስጫቸው። በሙቀት ወር ንብ ቀፎዋን የምታቀዘቅዘው በውሃ ነው። ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ጠጠር ደርድሪ፣ ጠጠሩ ከውሃው በላይ ብቅ ይበል፣ የሚቆሙበት እንዲያገኙ። በየሁለት ቀኑ ቀይሪው፣ አለዚያ ትንኝ ታራቢያለሽ። ይህን ሥራ ለልጅሽ ስጪው። የራሱ ንቦች ያሉት ይመስለዋል፣ ፍርሃቱም ይለቀዋል።

ስለ መናደፍ ከጠየቅሽ ዘንድ። ከቀፎዋ የራቀች፣ ምግብ ላይ ያለች ንብ የምትጠብቀው ቤት የላትም፣ ጠብ አትፈልግም። የምትነድፈው ስትጨበጥ፣ ስትረገጥ ወይም ፀጉር ውስጥ ስትገባ ነው። አገር ቤት ያሉት ንቦቻችን ቁጡ ናቸው፤ እናትሽ ‘አትነኪያቸው’ ያሉት ያንን አይተው ነው። እዚህ ያሉት የአውሮፓ ዘር ናቸው፣ ለዘብ ይላሉ። በነገራችን ላይ እነሱም እንደኛ መጤ ናቸው። በ1622 ነው በመርከብ ተጭነው እዚሁ ጎረቤታችን ቨርጂኒያ የገቡት።

ልጅሽን ሁለት ነገር አስተምሪው። በእጁ እንዳይከላከል፣ ማጠጫው ሥር በባዶ እግሩ እንዳይሮጥ። ከተነደፈም መንደፊያዋ ቆዳው ውስጥ ትቀራለች፤ በጥፍርሽ ወዲያው ፋቂያት። እንዴት እንደወጣች አይደለም ቁም ነገሩ፣ ፍጥነቱ ነው። ከዚያ ቦታውን ለቅቃችሁ ግቡ። የተነደፈበት ቦታ ሌሎቹን የሚያስቆጣ ሽታ ይተዋል፣ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። በሳሙና እጠቢው፣ በረዶ ያዢበት። ፊቱ ወይም ከንፈሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ ካለ ግን አትጠብቂ፣ 911 ደውዪ። ተርብ ግን መንደፊያው አይቀርም፣ ደጋግሞ ይነድፋል። ኦገስት ላይ መሬት ውስጥ ካለች ጉድጓድ ተርብ ሲመላለስ ካያችሁ ልጁን ከዚያ አርቁት።

የቀረው አትክልቱ ነው። እዚህ ላይ እኔ ትንሽ አድሎ አለኝ፤ ማንኛውም ዕቃ ከአበባ አይበልጥም። ለወፎቹ ኮራል ሃኒሳክል የሚባለውን ሐረግ አጥር ላይ ልቀቂ። ቀይ፣ ረጅም ቱቦ የመሰለ አበባ ነው፣ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። ካርዲናል ፍላወርም አለ፤ ኦገስት ላይ እሳት ይመስላል። ቱቦው ረጅም ስለሆነ ለንብ ምላስ አይመችም። እናትሽ ‘ይቺን የመሰለች ወፍ አገራችንም አለች’ ካሉ አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል። ራስ ክምር የሚባለው አበባ ላይ ቆመው የሚቀስሙት የሚያብረቀርቁ ወፎች አሉ፤ በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራም አለ። ሃሚንግበርድ ግን ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ ምድር ውጭ የለም። ሁለቱ ዘመድ አይደሉም፣ አበባው ነው ያመሳሰላቸው።

ለንቦቹስ? በሶብላ አለሽ? ያለ በሶብላ የኖረ ያገራችን ሰው ጓሮ አላየሁም። ከሱ ጥቂቱን ተዪው፣ አትቁረጪው፣ ያብብ። ጁላይ ላይ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ በሶብላ አበባ ላይ ያለውን የንብ ጫጫታ ትሰሚያለሽ። የጓሮሽን ሌላ ጥግ ለሱ ስጪው፣ ከማጠጫው ራቅ ያለ ቦታ። በድስት ቢተከልም ይሆናል። እናትሽ ‘ለወጥ ነው የተከልኩት’ ካሉ ግማሽ በግማሽ ተደራደሩ።

ደግሞም የንቦቹ ረሃብ ብዙ አይቆይም። ሴፕቴምበር ሲገባ በየመንገዱ ዳር ጎልደንሮድ የሚባለው ቢጫ አበባ ይፈነዳል። ልክ በእንቁጣጣሽ ሰሞን! አደይ አበባ የናፈቀው ሰው መኪና አቁሞ ነው የሚያየው። ያ ሲያብብ ንቦችሽ ስኳርሽን ዞር ብለው አያዩትም። ሃሚንግበርዶቹም ያኔ ስብ እያጠራቀሙ ነው፤ ወደ ደቡብ ሊሄዱ። ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ፣ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሳያርፉ ይሻገሩታል። ማጠጫው እንዳይሄዱ ያስቀራቸዋል የሚባለው ወሬ ነው፤ የሚያስነሳቸው የቀኑ ማጠር ነው። ስለዚህ ማጠጫውን አታውርጂው። የመጨረሻዋን ወፍ ካየሽ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆዪ፤ ከሰሜን ዘግይታ የምታልፍ አትጠፋም። ልጅሽ ቀኑን ካላንደር ላይ ይጻፈው። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ሲመለሱ ያወዳድረዋል።

ሳህኑን ሰቅለሽ ከሳምንት በኋላ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ለእማማም ሰላምታዬን አድርሺ፤ በማሩ ነገር እንዳልተቀየምኩ ንገሪልኝ።